እንደነሱ አይደለም

ነገሩ የተጀመረው በሐምሌ፣ እዚህ ሳጊናው ከተማ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ ግቢ ውስጥ ዓሣ ስንጠብስ ነው። ፓርቲያችን ዕጩዎቹን ከመለየቱ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ እንሰበሰባለን። ዓሣ ይጠበሳል፣ የድንች ሰላጣ ይታደላል፣ ዕጩዎቹ እየዞሩ እጅ ይጨብጣሉ። ያን ዓመት ለስቴቱ ሴኔት ወንበር ሁለት ሰዎች ቀርበው ነበር። አንዱ ቴሬንስ ሜብሪ ነው፤ ከወንዙ ወዲህ፣ እኛ ጥቁሮቹ ከምንኖርበት ከምሥራቁ ሰፈር የወጣ ጠበቃ። ሌላዋ ጌይል ሃቺንስ ናት፤ ከወንዙ ማዶ ከነጮቹ ሰፈር፣ የአውራጃው ምክር ቤት ውስጥ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት። ሁለቱም ደኅና ሰዎች ነበሩ። ያኔም ብትጠይቁኝ የምለው ይህንኑ ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

መጥበሻው ላይ የቆመችው ኦዴሳ ቶሊቨር ነበረች። ከእኔ ቤት ሁለት ቤት ዘልቃ የምትኖር፣ ዕድሜ ልኳን የከተማ አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች፣ ረጅምና ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። በምሥራቁ በኩል የፓርቲው ነገር ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። አጠገቧ ዓሣውን በበቆሎ ዱቄት እየለወሰች የምታቀብላት ሎሬን ኖቪኪ ናት፤ ከማዶ፣ ከፖላንዶቹ ሰፈር የመጣች፣ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት የነበረች ነጭ ሴት። ኦዴሳ የሜብሪ ናት፣ ሎሬን የሃቺንስ። በዚሁ ሲጎሻሸሙ ነበር የዋሉት።

«ያንቺ ሰውዬ በዚህ ሙቀት እንኳ ክራባቱን አይፈታም እንዴ?» ትላለች ሎሬን።

«ያንቺ ሴትዮ ደግሞ ሁለት ሳህን ጨርሳ ለሦስተኛው ተሰልፋለች። ዓሣው ሳያልቅ አንድ በያት» ትላለች ኦዴሳ።

በዚህ መሃል ከሃቺንስ ቀስቃሾች አንዷ ስልኳን ደግና መጣችና ሎሬንን፣ «ለምን ጌይልን እንደምትደግፊ ንገሪን» አለቻት። ሎሬን እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች።

«ጌይልን አውቃታለሁ፣ ሥራ ትችላለች» አለች። «ሜብሪም ቢሆን ጎበዝ ልጅ ነው። አለባበሱ ንጹሕ፣ አንደበቱ የተገራ። እንደነሱ አይደለም። ግን ገና ነው፣ ተራውን ይጠብቅ።»

እኔ እዚያው ጎን የድንች ሰላጣ እያደልኩ ነበር። ማንኪያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ኦዴሳን አየኋት። የያዘችውን ዓሣ ገለበጠች። ቀጥሎ ያለውንም ገለበጠች። ሎሬን ተመልሳ እጇን ዱቄቱ ውስጥ ስትከት ኦዴሳ፣ «ትንሽ ቆይ፣ ዘይቱ ቀዝቅዟል» ብቻ አለቻት። ዘይቱ አልቀዘቀዘም ነበር። እየተንጣጣ ነበር።

ሁለቱ እንዴት እንደተዋወቁ ልንገራችሁ፤ ካለዚያ የቀረው ነገር ቀልድ ይመስላችኋል። ሎሬን ቴዲ የሚባል አንድ ልጅ አላት። በአደንዛዥ ዕፅ ተይዞ እስር ቤት ሲገባ የእሷ መኪና ከከተማ የማይወጣ አሮጌ ነገር ነበር፤ ዘመዶቿም ከኀፍረት የተነሳ ራቅ ራቅ አሉ። ያኔ ከኦዴሳ ጋር የሚተዋወቁት ከፓርቲው ስብሰባ ብቻ ነው። ኦዴሳ ነገሩን ስትሰማ፣ «እኔ መንዳት ሥራዬ ነው፣ እወስድሻለሁ» አለቻት። ልጁ እስኪፈታ ድረስ በየወሩ ስትወስዳት ኖረች። እሷ መኪና ውስጥ ሬዲዮ እያዳመጠች ትጠብቃታለች፤ ሎሬን አልቅሳ ትመጣለች፤ መንገድ ላይ ሃምበርገር ይበላሉ። የኦዴሳ ባል የሞተ ጊዜ ደግሞ ሎሬን ከማዶ መጥታ ሳምንቱን ሙሉ ሶፋ ላይ እያደረች ወለል ስትወለውል፣ ለቀስተኛ ስታስተናግድ አየናት። እኛ ሰፈር ያን ያላየ የለም።

ቪዲዮውን የለጠፉት የሃቺንስ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ደጋግመው ሳያዩት አልቀሩም፤ ግን ምንም አልታያቸውም። በማግስቱ ከወንዙ ወዲህ ያላየው ሰው አልነበረም። «እንደነሱ? እነማን ናቸው እነሱ?» የሚለው ከጸጉር ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደረሰ። የሜብሪ ደጋፊዎች የሎሬንን ፊት በትልቁ አድርገው «የሃቺንስ ሰዎች እንዲህ ነው የሚያስቡት» ብለው አሰራጩት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የሜብሪ ሰልፍ መናፈሻው ውስጥ ተደረገ። የኦዴሳ ታናሽ ወንድም ኦቲስ መናገሪያውን ተቀበለ። ኦቲስ የብረት ማቅለጫው ሠራተኛ ነበር፤ ሳጊናው ውስጥ በቀልዱ የማያውቀው የለም።

«ጌይል ሃቺንስ ምክር ቤት ተቀምጣ ምን ሠራች?» አለ። «ወንበር አሞቀች! ኧረ ሴትዮዋን ሸኟት ጎበዝ፣ ባሏ እራት እየጠበቀ ነው። ቤቷ ትግባና ድንቿን ትላጥ!»

መናፈሻው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ኦዴሳም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ይኼም ተቀርጾ ነበር። ከዚያ በኋላ መያዣ ጠፋ። ከማዶ «ሴት ናቂዎች» ይሉናል፣ ከወዲህ «ዘረኞች» እንላቸዋለን። ስለ ከተማው ውሃ ቧንቧ፣ ስለተዘጋብን ክሊኒክ የሚያወራ ዕጩም ደጋፊም አልቀረም። ቤት ለቤት ስንዞር ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ የሚጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «ያቺ ሴትዮ ያለችውን ሰማችሁ?»

ሰኞ ዕለት የሜብሪ ቅስቀሳ ኃላፊ ራሺዳ መጥታ ኦዴሳ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ልነሳ ስል ኦዴሳ በዓይኗ ተቀመጪ አለችኝ። ራሺዳ ከዲትሮይት የመጣች ሕግ የተማረች ሴት ናት፤ ዓይኖቿ ከእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል።

«ሐሙስ የቴሌቪዥን ካሜራዎች ይመጣሉ፣ ሚስ ኦዴሳ» አለች። «እርስዎ ከፊት ቢቆሙልን። አጠገቧ ነበሩ፣ በጆሮዎ ሰምተዋል። እርስዎ ከተናገሩ ማንም አፉን አይከፍትም።»

«ምን ብዬ ነው የምናገረው?»

«የሰሙትን። የተሰማዎትን።»

ኦዴሳ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ራሺዳ» አለች። «ነገሩ አመማችሁ ወይስ ጠቀማችሁ?»

ራሺዳ፣ «ሁለቱም» አለች። «አልዋሽዎትም ሚስ ኦዴሳ። ስማር ‹አቤት ስትናገሪ ደስ ስትይ› ያላለኝ አስተማሪ የለም፤ ቋንቋው የተውሶ ይመስል። ያን ቪዲዮ ሳየው አመመኝ። ደግሞም በውድድሩ እየተመራን ነው። ጠቅሞናል።»

«ስላልዋሸሽኝ ተባረኪ።»

«ታዲያ ይመጣሉ?»

«ደክሞኛል ልጄ።»

«ሁላችንም እኮ ደክሞናል።»

«አይ» አለች ኦዴሳ፣ ሳትቆጣ። «አንቺን ያደከመሽ ምርጫው ነው። ያልፍልሻል።»

ራሺዳ ቦርሳዋን አነሳች፤ ደረጃው ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «እኔ ግን ያልፋል ብዬ አይደለም የምሠራው» አለች። ክፉ ልጅ አልነበረችም። እውነቷንም ነበር።

በማግስቱ ደግሞ ሎሬን መጣች። ይህን ኦዴሳ ራሷ ናት በኋላ የነገረችኝ። ሎሬን እንደ ወትሮው በጓሮ በር አልገባችም፤ የፊቱን ደወል ደወለች። ፊቷ አባብጦ ነበር። ገበያ ውስጥ አንዱ «ዘረኛ» ብሎ እንደጮኸባት፣ ስልኳ በስድብ እንደተሞላ ነገረቻት። ከዚያም የመጣችበትን ተናገረች።

«እነ ጌይል አብረን ፎቶ እንድንነሳ ይፈልጋሉ። አንቺና እኔ። ‹ሎሬንን አውቃታለሁ፣ ዘረኛ አይደለችም› በያቸው። አንዲት ቃል እኮ ናት ኦዴሳ። ካንቺ ሌላ ማን ያውቀኛል?»

ኦዴሳ ወንበር ሳበችላት። ራሷ ግን አልተቀመጠችም።

«እነሱ እነማን ናቸው፣ ሎሬን?»

«የምን እነሱ?»

«‹እንደነሱ አይደለም› ስትይ። አጠገብሽ ቆሜ ዓሣሽን እየጠበስኩ። እነማንን ነው ያልሽው?»

«አንቺን አላልኩም! በእግዚአብሔር ስም፣ አንቺን እንደዚያ ልል?»

«እሱን አውቃለሁ። መቼም እኔን አይደለም። የታመመኝም እሱ ነው። ወንድሜን ነው፣ ጎረቤቴን ነው፣ ከወንዙ ወዲህ ያለውን ሁሉ ነው፤ እኔ ብቻ ተለይቼ ወጥቻለሁ። ማን ለየኝ? አንቺ ለየሽኝ። ሌላ ቀን ስትከፊ ደግሞ ትመልሺኛለሽ።»

ሎሬን አለቀሰች። «ልጄን ልጠይቅ ስትወስጂኝ፣ ባልሽ የሞተ ጊዜ እዚህ ስተኛ፣ ያ ሁሉ ምን ሊባል ነው? ውሸት ነበር?»

«ማን ውሸት ነው አለ? እሱም እውነት ነው፣ ይኼም እውነት ነው። እኔ ሁለቱንም ተሸክሜያለሁ። አንቺ ግን አንደኛውን በካሜራ ፊት አጥፊልኝ ነው የምትይኝ።»

ከዚያ ሎሬን ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች። «የወንድምሽ ጊዜ ስቀሻል» አለች። «በቪዲዮው አይቼሻለሁ። ከኋላ ቆመሽ ሆድሽን ይዘሽ ስትስቂ። እኔ አርባ ዓመት ሐኪሞች ‹ሂጂ ቡና አምጪ› ሲሉኝ ኖሬ ነው ጌይልን የመረጥኩት። እኔስ ሴት አይደለሁም? ያን ጊዜ እኔን አላሰብሽኝም።»

ኦዴሳ «እዚህ ላይ ያዘችኝ» ብላ ነው የነገረችኝ። ሎሬን ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ፎቶውም ቀረ።

ሐሙስ ካሜራዎቹ መጡ፤ ኦዴሳ አልሄደችም። ሌሎች ሴቶች ተናገሩ። የሎሬንን ስም ያነሳ አነሳ፣ «ይህች ሴት ለፓርቲው ኀፍረት ናት» ያለም አለ። ማታውኑ ኦቲስ እኅቱ ቤት መጣ። ሙቀት ስለነበር መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው፤ ድምፁ እስከ እኔ ቤት ይሰማል።

«ሰው ሁሉ እኅትህ የት ነች እያለ ሲያፈጥብኝ ዋለ! ለዚያች የፖላንድ ሴትዮ ስትዪ የገዛ ሰውሽን ትተዪ?»

«አንተ መጀመሪያ ሂድና ጌይልን ይቅርታ ጠይቅ።»

«እኔ? ቀልድ እኮ ነው!»

«ሎሬንም ሙገሳ ነው የመሰላት።»

«አንቺ ደግሞ! አብረሽ አልሳቅሽም?»

«ስቄያለሁ። ለዚያም ነው ሂድ የምልህ።»

«እነሱ ይቅርታ ሲሉ እላለሁ» ብሎ በሩን አላትሞ ወጣ። ከማዶም እንዲሁ «እነሱ ሲሉ እንላለን» ይባል ነበር። ስለዚህ ማንም አላለም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦዴሳ ወትሮ ከምትቀመጥበት ወንበር ላይ ሰዎች ቦርሳቸውን አስቀምጠው ጠበቋት። ፈቀቅ አድርጉልኝ አላለችም። ከኋላ ተቀመጠች። እኔም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ቅር እያለኝ። ሜብሪ ራሱ ከጸሎቱ በኋላ መጥቶ እጇን ያዘ።

«ሚስ ኦዴሳ፣ ይህን ነገር እኔ አላዘዝኩም» አላት።

«አላስቆምከውምም» አለችው።

«አዎ» አለ። «አላስቆምኩትም።» ክራባቱን ላላ አደረገና ወደሚቀጥሉት ሰዎች ሄደ።

ፓርቲያችን ዕጩውን የሚመርጥበት ማክሰኞ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ የከበደ ነበር። ኦዴሳ እኔን ከጎኗ አስቀምጣ መኪና የሌላቸውን አሮጊቶች እያመላለሰች አስመረጠች፤ ካልሲያቸውን ያላደረጉትን እስኪያደርጉ ጠበቀች፣ በሩን ከፈተች፣ ዘጋች። ግን የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው። «እርስ በርስ ተበሉ፣ እኔን አታነካኩኝ» ብለው የመለሷት ብዙ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ከድልድዩ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ደረስን። እዚያ ከሁለቱም ወገን ሰው ይመርጣል። ሎሬን ቅስቀሳ ከሚከለከልበት መስመር ውጪ የሃቺንስን የቅስቀሳ ሰሌዳ አጠገቧ ተክላ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። የሃቺንስ ሰዎች ከካሜራ ሊያርቋት ጥላ የሌለበት ጥግ ሰጥተዋታል። ለእነሱም መዘዝ ሆናባቸዋለች። ኦዴሳ አየቻት፣ ምንም አላለችም፤ አሮጊቶቹን ማውረድ ጀመረች።

በዚያው ቅጽበት የሜብሪ ተለጣፊ ያለበት መኪና ዝግ ብሎ መጣ። ውስጡ ሁለት ጎረምሶች ናቸው። «ዘረኛዋ አሮጊት! ገና ነሽ፣ ተራሽን ጠብቂ!» ብለው በበረዶ የተሞላ ትልቅ የወረቀት ኩባያ ለስላሳ ወረወሩባት። ደረቷ ላይ ተደፋ። እየሳቁ ሄዱ። ሎሬን አልተነሳችም፣ አልጮኸችም። በረዶውን ከጭኗ ላይ በእጇ እያነሳች ሣሩ ላይ ትጥል ጀመር።

ኦዴሳ የመኪናዋን የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ከፍታ ፎጣና ሌላ ተጣጣፊ ወንበር አወጣች። ሄዳ ፎጣውን ሰጠቻት። ወንበሩን ዘረጋችና የሜብሪን ካናቴራ እንደለበሰች ከሃቺንስ ሰሌዳ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ አሮጊቶቹን ይዤ እየገባሁ ሳለ ሰማኋቸው።

«አልታረቅንም» አለች ኦዴሳ።

«አውቃለሁ» አለች ሎሬን።

«ጉልበቴን ስላመመኝ ነው የተቀመጥኩት።»

«እሺ።»

መራጩ ሁሉ እያያቸው አለፈ። የሜብሪ ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ ከሃቺንስ ወገን አንዲት ሴት ስልኳን አውጥታ ፎቶ ልታነሳቸው ስትል ኦዴሳ በዚያ በአውቶቡስ ድምፅዋ፣ «አስቀምጪው!» አለቻት። አስቀመጠችው። ጣቢያው እስኪዘጋ እዚያው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አላወሩም።

ሃቺንስ በትንሽ ልዩነት አሸነፈች። እኛ «በዘረኝነት ነው» አልን። እነሱ «ሴት መሆኗ ባይጎትታት ኖሮ በሰፊው ታሸንፍ ነበር» አሉ። ራሺዳ ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ዲትሮይት ተመለሰች። ሜብሪ መድረክ ላይ ወጥቶ የሃቺንስን እጅ ከፍ አደረገ፤ ፈገግታቸው የፎቶ ነበር። ኅዳር ላይ ዋናው ምርጫ ሲመጣ ከወንዙ ወዲህ አብዛኛው ሰው ቤቱ ዋለ። ኦቲስም ቤቱ ዋለ። ኦዴሳ ግን ለሃቺንስ በር ስታንኳኳ ከረመች፤ ፊቷ ላይ የዘጉባትም አሉ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ?» ያሏትም አሉ። ወንበሩን ሌላው ፓርቲ ወሰደው። ክሊኒኩ እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው።

ከምርጫው በኋላ በነበረው ሳምንት በየመንገዱ የተተከሉትን ሰሌዳዎች የሚነቅል ጠፋ። ሎሬን ለኦዴሳ ደወለች።

«ያንቺን ወገን ሰሌዳ ማን ይነቅላል?»

«ማንም።»

«የእኛንም ማንም። ልምጣ?»

መጣች። እኔም ኮቴን ደርቤ ወጣሁ። መሬቱ ደርቆ ሰሌዳዎቹ የቆሙበት ሽቦ አልወጣ ይላል፤ አንዷ ትይዛለች፣ አንዷ ትስባለች። አንድ ባዶ ቦታ ላይ ስንደርስ ሎሬን ጓንቷን እያወለቀች፣ ማንንም ሳታይ መናገር ጀመረች።

«ያን ቪዲዮ መልሼ አየሁት። ብዙ ጊዜ ነው ያየሁት። መጀመሪያ እኔን ብቻ ነበር የማየው፤ ፀጉሬን፣ ሽርጤን፣ ምን አጠፋሁ እያልኩ። በቀደም ግን አንቺን አየሁሽ። ጥግ ላይ ትታያለሽ፣ ትከሻሽ ብቻ። ያን ስናገር ትከሻሽ ቀጥ ይላል። ከዚያ ዓሣውን ትገለብጫለሽ።» ጓንቷን ኪሷ ከተተች። «ያልኩት አሁን ገብቶኛል። አላልኩም ማለት አልችልም። ይቅር በዪኝ።»

ኦዴሳ ሽቦውን መሳብ አልተወችም። «ኦቲስ ያን ሲል ሳቄ መጣ» አለች። «የምር አስቆኝ ነው። አሁንም ሳስበው ትንሽ ሊያስቀኝ ይቃጣዋል፤ አንቺ ግን ትዝ ትዪኛለሽ።»

«ድንች መላጥ አልወድም እኮ» አለች ሎሬን።

ኦዴሳ ሳትፈልግ አፏን ጠመም አደረገች። ፈገግታ ነው ለማለት አልደፍርም። ሽቦው በድንገት ሲነቀል ወደ ኋላ ተንገዳገደች፤ ሎሬን በክንዷ ያዘቻት።

በየዓመቱ የምስጋና በዓል ሎሬንና ቴዲ ኦዴሳ ቤት ነበር የሚበሉት። ያን ዓመት ኦዴሳ አልጠራቻቸውም። ሎሬንም ለምን አላለችም። ከበዓሉ ቀደም ብሎ ኦዴሳን ምክንያቷን ስጠይቃት፣ «አልጠላኋትም። ይቅርም ብያታለሁ» አለችኝ። «ግን አንድ ዓመት እንኳ፣ ማንንም ሳላስተናግድ፣ የምናገረውን ሳልመርጥ፣ ጫማዬን አውልቄ መብላት እፈልጋለሁ።»

ብቻዋን በላች። በማግስቱ ቴዲ ከማዶ እናቱ የጋገረችውን ኬክ ይዞ መጣ፤ ኦዴሳ ተቀበለችው፣ ግባና ሙቅ ነገር ጠጣ አለችው። ልጁ ገብቶ እስኪጨልም ተቀመጠ። ሲወጣ በመስኮት አየኋቸው፤ ኦዴሳ ደጃፉ ላይ ቆማ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈችለት ነበር።